የወይና ደጋው ወይን የት ሄደ? ከይፋግ ተክል እስከ ባቱ ሻርዶኔ



የዛሬው ንግግሬ የተወለደው ከአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በሰሌዳው ላይ «ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ» ብዬ ጽፌ የአገራችንን የእርሻ ታሪክ ሳስረዳ፣ ከሊቦ ከምከም የመጣች ተማሪ እጇን አነሣችና «መምህር፣ ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚያበቅል ደጋ ማለት ከሆነ ወይኑ የታለ?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ስሙ ቀርቶልናል» ብዬ አለፍሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አፈርሁ። ልጅቱ የተወለደችው በይፋግ አካባቢ ነው። በዚህች አገር ወይን የተባለ ተክል በስፋት የለማበት አንድ ስፍራ ጥሩ ብባል፣ የምጠራው የእርሷን አገር ነበር። የታሪክ ጥያቄ ጠይቃኝ በቀልድ መለስኋት።

ጋፋት ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ብረትና ወደ እሳት ይሄዳል። ሴባስቶፖል እዚህ ስለተሠራ የዚህ ኮረብታ ታሪክ ሁሉ የመድፍ ታሪክ መስሎ ታይቷል። ዛሬ ግን ከዚህ ደጋ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ወርደን፣ ወረታን አልፈን፣ ወደ ይፋግ እንድንዘልቅ እጋብዛችኋለሁ። ከዚያም በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ነጭ የወይን ዘሮች አንዱ ስለሆነው ስለ ሻርዶኔ እናገራለሁ። ሁለቱ ጉዳዮች የተራራቁ ይመስላሉ፤ እንደማይራራቁ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቋንቋችን ይመስክር። ወይና ደጋ የሚለው ስም ከሊቅ እስከ ደቂቅ በሁሉም አፍ ላይ አለ። ለሴት ልጅ «ወይንሸት» እንላለን፤ ወይን እሸት ማለት ነው። ስሙን የሚያወጡላት እናትና አባት የወይን እሸት በዓይናቸው አይተው ላያውቁ ይችላሉ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ደግሞ የቀለሙ ስም ነው። ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ቀለም «ወይን ጠጅ» እንለዋለን። ስለዚህም «ነጭ ወይን ጠጅ» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ጆሮ ላይ ትንሽ ይጎረብጣል፤ «ነጭ ጥቁር» እንደማለት ነው። ቋንቋው ወይንን የሚያውቀው በጠቆረው መልኩ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁና። መጠጡንም በራሳችን መጠጥ ስም «ጠጅ» ብለን መጥራታችን ሌላ ምስክር ነው። ከወይን የተጣለ ጠጅ አድርገን ተረዳነው እንጂ እንደ እንግዳ ነገር አልቆጠርነውም።

የጽሑፍና የቁፋሮ ማስረጃው ከቋንቋው ይበልጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1ኛው ምዕተ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ መጠነኛ ወይን ጠጅ ይቈጥራል። ንጉሥ ዒዛና ስለ ቤጃ ዘመቻው ባስቀረጸው ጽሑፍ ለምርኮኞቹ ከተሰጣቸው ስንቅ መካከል ጠላና ወይን ጠጅ ይገኛሉ። በአክሱም አካባቢ በተደረገ ቁፋሮም የወይን ፍሬ ዘር ተገኝቷል። ዘር መገኘቱ ብቻውን ተክሉ እዚያው መብቀሉን አያረጋግጥም፤ ዘቢብም ዘር ይዞ ይመጣልና። ነገር ግን ወይን በአክሱም ማዕድ ላይ እንደነበረ ጥርጥር የለውም።

ክርስትና ከገባ በኋላ ወይን ሌላ ክብደት አገኘ። ቅዳሴ ያለ ወይን አይሆንም። አገሩ ወይን ያብቅልም አያብቅልም፣ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው ጥቂት የወይን ጭማቂ ማግኘት ነበረበት። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህ ችግር እንዴት እንደተፈታ ጽፎልናል። የደረቀ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ከቀናት በኋላ ተጨምቆ ለቁርባን ይቀርብ እንደነበር ይነግረናል። ከፍሬ የተጠመቀ እውነተኛ የወይን ጠጅ ግን በግልጽ የሚዘጋጀው በሁለት ቤቶች ብቻ፣ በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት እንደነበረ ይናገራል። ሌላው ቢያዘጋጅ እንኳ በስውር ነበር። እንግዲህ ወይን በዚህ አገር ከመጠጥነቱ ይልቅ የማዕርግ ምልክት ነበረ ማለት ነው።

እኔ ራሴ በልጅነቴ ዲያቆን ሆኜ አገልግያለሁ። በደጋው አንዲት የገጠር ደብር ቤተ ልሔም ውስጥ ዘቢቡ ሲታጠብ፣ በውኃ ሲርስ፣ በእጅ ሲታሽና ሲጨመቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። የኔ ድርሻ ውኃ መቅዳት ነበር። ዘቢቡ በትንሽ ብልቃጥ ተቀምጦ እንደ ወርቅ ይጠበቅ ነበር፤ ቄሰ ገበዙ ፍሬውን እየቈጠሩ ያወጡ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዘቢቡ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ብጠይቃቸው «ከባሕር ማዶ» አሉኝ። ከደብራችን ወደ ይፋግ የሚያወርደው መንገድ የአንድ ቀን እግር ነበር። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም፤ እርሳቸውም አላወቁም።

አሁን ወደ ይፋግ እንውረድ። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቆይቶ በ1790 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ከጎንደር 30 ማይል ያህል በሚርቅ «ድሪዳ» በሚለው ስፍራ ብርቱና ጥሩ የወይን ጠጅ በብዛት እንደሚጠመቅ ጽፏል። ከዚያ አንድ ስፍራ የሚወጣው ወይን ለመላው አገር ቅዱስ ቁርባን ከሚያስፈልገው መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል ይላል። አክሎም የአገሩ ሰዎች ወይን ጠጅን እምብዛም እንደማይወዱ ይናገራል። «ድሪዳ» ብሎ የጻፈው በይፋግ አጠገብ የምትገኘው ደሪጣ ሳትሆን አትቀርም የሚል እምነት አለኝ። ደሪጣ ደግሞ የታወቀች የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። በአንድ በኩል ወይን የሚጠመቅበት ኮረብታ፣ በሌላ በኩል ወይን የማይቀምሱ ነጋዴዎች ጎን ለጎን የኖሩበት አገር ነው። ይህን ስታስቡ የፎገራና የሊቦ ሜዳ ምን ያህል የብዙ ሰው መገናኛ እንደነበረ ይገባችኋል። የይፋግ ገበያ ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨው ከጎጃም ከሚመጣው ቡናና ሌላ ሸቀጥ ጋር የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ነበር። ወይኑም በዚሁ መንገድ ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥትና ወደ አድባራቱ ይጓዝ ነበር።

ስፍራው ለምን ተመረጠ? ከጣና ዳር ከፍ ብሎ፣ ከደጋው ዝቅ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ በዚህ በጋፋት ካባ ደርበን ስንቀመጥ የይፋግ ሰው በነጠላ ይቀመጣል። ቀኑ ፍሬውን ለማጣፈጥ የሚበቃ ሙቀት አለው፤ ሌሊቱ ደግሞ የፍሬው ኮምጣጣነት እንዳይጠፋ የሚያደርግ ቅዝቃዜ አለው። የጥንት ገበሬዎቻችን ቴርሞሜትር ሳይዙ ይህን አይተዋል። ወይና ደጋ ብለው ሲሰይሙት ግጥም አልነበረም የጻፉት፤ ልኬት ነበር የያዙት።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ሄደ? በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተክል በሽታ ገብቶ የይፋግን ወይን እንዳጠፋው የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ዓለምን እንይ። በ1845 በእንግሊዝ አገር በመስታወት ቤት ውስጥ በሚበቅል ወይን ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ታየ። ኦይዲየም የሚባል፣ ከሰሜን አሜሪካ በተክል ላይ ተሳፍሮ የመጣ በሽታ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሜድትራኒያን ዳርቻ ተዛመተ። በ1854 የፈረንሳይ ወይን ምርት በዚህ ሻጋታ ምክንያት እጅግ አሽቆለቆለ። የይፋግ ወይን የጠፋውም በዚያው ዘመን ነው። ዘመኑንና የጥፋቱን ፍጥነት ሳነጻጽር፣ ይፋግን የመታው ይኸው ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። የግምቱ ኃላፊነት የኔ ነው።

ፈረንሳዮች መድኃኒቱን ቶሎ አገኙ። የተፈጨ ድኝ በቅጠሉ ላይ መንፋት ብቻ ነበር። እንግዲህ ስሙኝ። ድኝ በአገራችን ያልታወቀ ነገር አልነበረም፤ ባሩድ ያለ ድኝ አይሠራምና። በ1860ዎቹ እዚህ በቆምንበት በጋፋት አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ሲያስቀልጡ፣ ባሩድ ሲያስወቅጡ፣ ከዚህ ቁልቁል በምትታየው ቆላ ወይኑ ከደረቀ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። እነዚያ ባለ እጆች፣ እነ ቴዎፊል ዋልድማየር፣ የመጡት በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ኮረብታ በስተ ሰሜን ድንበሩን እንደተሻገራችሁ የምታገኙት የጀርመን ወይን አገር ነው። ወይን ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች፣ መድኃኒቱ የሆነው ድኝ፣ በሽታውም እዚሁ ቅርብ፣ ሁሉም በአንድ ዘመን በአንድ አውራጃ ተገኝተው ነበር። ሦስቱን የሚያገናኝ ግን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ከእነርሱ የፈለጉት መድፍ ነበር። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። በዙሪያቸው የነበረውን ጦርነት ስናስብ ሌላ ነገር እንዲፈልጉ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጦርነቱንም መርሳት የለብንም። በ1842 የደብረ ታቦር ጦርነት፣ በ1853 የአይሻል ጦርነት፣ በመካከላቸውም የማያቋርጥ የሠራዊት መመላለስ። ሠራዊት የሚኖረው በሚሰፍርበት አገር ገበሬ ላይ ነው። ገብስ የተበላበት ገበሬ ከከረመ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ይዘራል። ወይን ግን ተተክሎ ለፍሬ እስኪበቃ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ በደንብ እስኪያፈራ ደግሞ ከዚያም በላይ። ነገ በማን እጅ እንደሚያድር የማያውቅ ገበሬ የታመመ ወይን ነቅሎ አዲስ አይተክልም፤ ጤፍ ይዘራል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት በሽታው ተክሉን ገደለው፤ እንደገና እንዳይተከል ያደረገው ግን የዘመኑ አለመረጋጋት ነው። ከዚያ ወዲህ የቤተ ልሔሙ ዘቢብ በሙሉ «ከባሕር ማዶ» ሆነ።

ስለ ዘቢብ ካነሣሁ አይቀር ወደ ነጩ ወይን የሚያሻግረንን ድልድይ እዚሁ ላሳያችሁ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ዘቢብ የሚሠራው ሱልጣና ከሚባል ዘር አልባ ወይን ነው። ሱልጣና ነጭ ወይን ነው። በፀሐይ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ በድኝ ጢስ ታጥኖ ሲደርቅ ደግሞ ወርቃማ ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ ዘቢብና ወርቃማው ዘቢብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። «ወይን ጠጅ» ስንል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ጥቁር ቀለም፣ በብዙ ቤተ ልሔሞቻችን ዛሬ የሚገኘው ከደረቀ ነጭ ወይን ነው ማለት ነው። ቀለም በወይን ዘንድ የአያያዝ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ ተረዱ። ጭማቂው በአብዛኛው ወይን ዘንድ ቀለም የለውም፤ ቀለሙ ያለው በቅርፊቱ ነው። ከቅርፊቱ ጋር ካፈላችሁት ይቀላል፤ ወዲያው ከለያችሁት ነጭ ይሆናል።

አሁን ወደ ሻርዶኔ። ይህ ዘር የመጣው በምሥራቅ ፈረንሳይ ከሚገኘው ከቡርጎኝ ነው፤ በስሙ የሚጠራ አንድ መንደርም እዚያ አለ። በ1999 የወጣ የዘረ መል ጥናት ወላጆቹን አሳወቀን፤ ፒኖ የሚባለው የባላባት ወይንና ጉዌ ብላን የሚባለው የተናቀ የገበሬ ወይን ናቸው። ጉዌ ብላን ብዙ ጊዜ እንዳይተከል የተከለከለ፣ ድሃ በጓሮው የሚያሳድገው ዘር ነበር። በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሆኑት ነጭ የወይን ጠጆች አንዱ የባላባትና የጭሰኛ ልጅ መሆኑ ሲታወቅ፣ ዘራቸውን በመቍጠር የሚኮሩት የቡርጎኝ ሰዎች ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም።

ሻርዶኔን ልዩ የሚያደርገው የራሱ ጠባይ ደካማ መሆኑ ነው። ይህ ነቀፋ አይደለም። ሙስካት የተባለውን ወይን የትም ብትተክሉት ሙስካት ሙስካት ይላል። ሻርዶኔ ግን የመሬቱንና የጠማቂውን ጠባይ ይወርሳል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም። አንዱን ማር ወስዳችሁ ብርዝ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ጌሾ ጨምራችሁ ለስላሳ ጠጅ፣ አቆይታችሁም ጉሮሮ የሚይዝ ደረቅ ጠጅ ታደርጉታላችሁ። ማሩ አንድ ነው፤ እጁ ግን ሦስት ነው።

በሰሜን በኩል በቀዝቃዛው የሻብሊ አገር፣ ጥቃቅን የኦይስተር ቅሪቶች በሞሉበት የኖራ ድንጋይ አፈር ላይ የሚበቅለው ሻርዶኔ ኮምጠጥ ያለ፣ ቀጭንና ንጹሕ ነው። ብዙዎቹ ጠማቂዎች በብረት ጋን ውስጥ ያፈሉትና እንጨት ሳያስነኩ ያወጡታል። ያልበሰለ ፖምና ሎሚ የሚል ነው፤ ከዚህ አልፎ የሚሸት ነገር ብዙ የለውም። ጀማሪ ጠጪ አይወደውም። እኔ እወደዋለሁ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ወደ መርሶና ወደ ፑሊኚ ሞንራሼ መንደሮች ስትደርሱ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ጭማቂው የሚፈላው በባሉጥ በርሜል ውስጥ ነው። በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይለበለባል። ይህን ለፈረንጅ ማስረዳት ይከብድ ይሆናል፤ ለደቡብ ጎንደር ሰው ግን ምንም አያስቸግርም። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ጢስ ሲያጥኑት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጢሱ ጋኑን ያነጻል፤ ጠላውንም ያጣፍጣል። የቡርጎኝ ጠማቂ ደግሞ ወይኑን ከነአተላው ለወራት ያቆየዋል፤ አልፎ አልፎም አተላውን በበትር ያማስለዋል። እኛ አተላን ለከብት እንሰጣለን፤ እነርሱ ውፍረትና ልስላሴ የሚያገኙት ከእርሱ ነው። ቀጥሎም ሁለተኛ ለውጥ ይመጣል። እርጎን ከሚያረጉት ጋር አንድ ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች የወይኑን ኃይለኛ ኮምጣጣ አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ይለውጡታል። በዚህ ጊዜ ዲያሴቲል የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ለጋ ቅቤ ቅቤ የሚሸተው በዚህ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ «ቅቤ ቅቤ የሚል ወይን» ሲባል ብትሰሙ አነጋገሩ ማጋነን የለበትም፤ የኬሚስትሪ እውነት ነው።

በሻምፓኝ አገር ደግሞ ከነጭ ወይን ብቻ የሚሠራው፣ «ነጭ ከነጮች» የሚሉት የሚንተከተክ ወይን ጠጅ በአብዛኛው ሻርዶኔ ነው። እዚያ ሁለተኛው ፍላት የሚካሄደው በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ስለሆነ አረፋው ታፍኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ታሪክ ጸሐፊን የሚስበው ይህ ዘር ከአገሩ ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነው። ግንቦት 24 ቀን 1976 በፓሪስ ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይኖች ስማቸውን ሸፍኖ ለፈረንሳዊ ዳኞች አስቀመሰ። በነጩ ወገን አንደኛ የወጣው ቡርጎኝ አልነበረም፤ የካሊፎርኒያው ሻቶ ሞንተሊና የ1973 ሻርዶኔ ነበር። ጠማቂው ማይክ ገርጊች ከክሮኤሺያ የተሰደደ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «ወይን የአፈራችን ነው፤ ሌላው ሊኮርጀው አይችልም» የሚለው የፈረንሳይ ትምክሕት ተሰነጠቀ። ካሊፎርኒያና አውስትራልያ ወርቃማ፣ ወፍራም፣ በበርሜል ሽታ የተሞላ ሻርዶኔ ለዓለም አጥለቀለቁ። ከመጠን ያለፈ ነገር ሁሉ እንደሚሆነው በ1990ዎቹ ጠጪው ሰለቸ፤ «ከሻርዶኔ በስተቀር ምንም ይሁን» የሚል ፌዝ በየቦታው ተሰማ። ጥፋቱ የጠማቂው ሆኖ ሳለ ዘሩ ተወቀሰ። ጠማቂዎቹም ተመልሰው ወደ ቀጭኑና ወደ ንጹሑ አዘነበሉ።

ይህ ዘር ወደ እኛም መጥቷል። በአገራችን ዘመናዊ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በ1940ዎቹ የተመሠረተው አዋሽ ጉደርንና አክሱማይትን፣ ነጩን ክሪስታልንም ለብዙ ትውልድ አጠጥቷል። በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን የገዛው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ደግሞ በ2007 በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምንላት ከተማ አጠገብ፣ ከቦርዶ ያመጣውን የወይን ተክል ማልማት ጀመረ። በ2014 የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ወጡ። ከተተከሉት ዘሮች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ይገኛሉ። ጉማሬና ጅብ ወደ ተክሉ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሯል፤ የቡርጎኝ ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?

በባቱ ያለው ትልቁ ፈተና ጉማሬ ግን አይደለም፤ ክረምት አለመኖሩ ነው። በአውሮፓ ወይን በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እዚህ ከወገብ መስመር 8 ዲግሪ ብቻ ርቆ የሚኖር ተክል መቼ እንደሚተኛ አያውቅም። ክረምቱን የሚነግረው መግረዣ የያዘው ሠራተኛ ነው። ገበሬው በሚገርዝበት ቀን ዓመቱን ይጀምርለታል፤ ዝናቡ ከመከሩ ጋር እንዳይገጥም ቀኑን የሚመርጠውም እርሱ ነው። ከዚህ ተክል የሚወጣውን ሻርዶኔ እንደቀመስሁት ከመርሶው ይልቅ ፍሬ ፍሬ ወደሚለው፣ ቀለል ወዳለው ወገን ያደላል። ኩባንያው አካሲያ በሚለው ስም መጠነኛ ጣፋጭነት ያለው ወይን ጠጅም ማውጣቱ አልገረመኝም። በጠጅ ያደገ ምላስ ፍጹም ደረቅ ወይን በአንድ ጊዜ አይቀበልም። ብሩስ የአገሩ ሰው ወይን ጠጅ አይወድም ሲል ያላስተዋለው ይህን ይመስለኛል። ሰዉ የለመደው ማር ነበር፤ የቀረበለት ብርቱው የይፋግ ወይን ነበር። ነጭ ወይን ግን በመልኩም፣ ቀዝቅዞ በመጠጣቱም፣ ጥቂት ጣፋጭነት ሲተውለትም ከብርሌው ጠጅ ጋር የሚዋሰን ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ታዲያ ይፋግ ላይ እንደገና እንትከል ነው የምትለን?» ይሉኛል። ቀስ እንበል። የእኛ ክረምት ከባድ ነው፤ ሻጋታው ዛሬም አለ፤ ዘሩም የጠፋው ዘር አይደለም። የውጭ ኩባንያ ካፒታል የሌለው ገበሬ ሦስት ዓመት ያለ ገቢ ሊጠብቅ አይችልም፤ መሬቱም ጠባብ ነው። በሌላ በኩል ይህ አካባቢ አዲስ ነገር አይቀበልም የሚለኝን ሰው አላምነውም። ባለፉት 40 እና 50 ዓመታት የፎገራ ሜዳ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። አባቶቻችን በክረምት ውኃ የሚተኛበት የከብት ግጦሽ ብለው የተዉት መሬት ዛሬ የአገሪቱ ታዋቂ የሩዝ አገር ነው። ሩዝን የማያውቅ ገበሬ በአንድ ትውልድ ሩዝ አብቃይ ሆነ፤ እንጀራውም ከሩዝ ይጋገር ጀመር። ከኮረብታው ሥር በርብ ወንዝ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው ጥቂት ረድፍ ወይን ለመሞከር ምን ይጎድለዋል? እኔ የምመኘው ጠርሙስና ማስታወቂያ አይደለም። መጀመሪያ ለዘቢብ የሚሆን ጥቂት ረድፍ ነው፤ በበጋ የሚበስል፣ ከዝናቡ በፊት የሚለቀም፣ ድኝ ሲያስፈልገው ድኝ የሚነፋበት። ፀሐዩ አለን። ገዢውም በየኮረብታው አለ፤ በደቡብ ጎንደር ብቻ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ቁጠሩ።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ባለፈው ጥር ወደ ይፋግ ወርጄ ነበር። ወይን የነበረበትን ኮረብታ ያሳዩኝ እንደሆነ ሽማግሌዎች ጠየቅሁ። አንዱ አባት ጣታቸውን ወደ አንድ ተዳፋት ቀስረው «አያቴ እዚያ ላይ ነበር ይሉ ነበር» አሉኝ። ተዳፋቱ ላይ አሁን ባሕር ዛፍ አለ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ። በቤተ ልሔሙ በር ላይ አንድ ወጣት ዲያቆን ከላስቲክ ከረጢት ዘቢብ እያወጣ ሲያጥብ አገኘሁት። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ከአዲስ ዘመን ገበያ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ በቀልድ እንደማልመልስም ቃል እገባለሁ።